ድምፅ ከጠፋ፣ ፍሬን

ሽማግሌው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሞተ። ኦርቪል አይደለም፤ ኦርቪልማ አልጋው ላይ ተጋድሞ ምላሱ እንደ ልማዱ ይሠራል። ሽማግሌው የሚሉት ከተጎታች ቤታቸው ጋር አብሮ የተሠራውን፣ ልክ ከመኝታ ክፍሉ ወለል ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን ጄኔሬተር ነበር። ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፣ አንድ ጊዜ ቤቱን በሙሉ አንዘፈዘፈውና ጸጥ አለ። እሱ ጸጥ ሲል የአየር ማቀዝቀዣውም ቆመ፣ የኦርቪል የኦክስጅን ማሽንም ቆመ።

ሚስቱ ሜቪስ ሳህን እያጠበች ነበር። ሳህኑን የት እንደጣለችው አታውቅም። ራሷን ያገኘችው አልጋው አጠገብ ተንበርክካ የኦክስጅን ሲሊንደሩን መክፈቻ በሁለት እጇ ስታዞር ነው።

"ቀስ በይ አንቺ ሴትዮ፣ የቢራ ጠርሙስ መሰለሽ እንዴ?" አለ ኦርቪል፣ ትንፋሹ እያፏጨ።

"ዝም ብለህ ተንፍስ!"

ነገሩ ይኸው ነው። የኦርቪል ሳንባ ካለቀለት ቆይቷል። ማሽኑ ከሠራ በማሽኑ ይተነፍሳል፤ ማሽኑ ከቆመ በሲሊንደር ይተነፍሳል፤ ሲሊንደሩ ካለቀስ? ሜቪስ ከዚያ ወዲያ አታስብም። ሲሊንደር የሚያመጣው መኪና በሳምንት አንዴ ብቅ ይላል፣ እሱም ከመጣ። ያለፈው ሳምንት አልመጣም። አልጋው ሥር የቀሩት አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ብቻ ነበሩ።

በብርዱ ወራት ቢሆን ኖሮ ሰው ሞልቷል። ኳርትዛይት ከምትባል ትንሽ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው በረሃ በታኅሣሥና በጥር ራሱን የቻለ ከተማ ነው፤ ከሰሜን ብርድ የሸሸ ጡረተኛ ሁሉ ቤቱን በመኪናው እየጎተተ መጥቶ ይሰፍርበታል። ግንቦት ሲገባ ግን ሁሉም ቤቱን ከመኪናው ጋር አያይዞ ወደመጣበት ይነጉዳል። ዘንድሮ የቀሩት ሁለት ቤቶች ናቸው። አንደኛው የኤልሮይ ነው፤ ድሮ ኦሪገን ውስጥ እንጨት ቆራጭ የነበረ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ "ወደ ማን ልሂድ?" እያለ ሙቀቱን ከውሻው ጋር የሚጋፈጥ ሰው። ሁለተኛው የነሜቪስ ነው። እነሱ የቀሩት ኦርቪል መንዳት ስላቃተው ነው። ሜቪስ ፒካፑን ብቻውን ትነዳለች እንጂ ቤቱን አስከትላ አንድ እርምጃ ሄዳ አታውቅም።

ይሄ የሚገርመው ላልለመደው ነው። በዚያ ሰፈር ውጪው የባል ነው፣ ውስጡ የሚስት። ጎማው፣ የውኃው ቱቦ፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ፣ ጄኔሬተሩ የኦርቪል ነበሩ፤ ምድጃው፣ አልጋው፣ መድኃኒቱ የሜቪስ። ማንም ሸንጎ ተቀምጦ አልደነገገውም፣ ግን እንደ ሃይማኖት ይጠብቁታል። ሜቪስ አንድ ቀን የብሎን መፍቻ ቺያቤ ይዛ ብትገኝ ኦርቪል "ምነው፣ ሞትኩ እንዴ?" ይላታል።

ሁለቱን የሚያገናኝ የውጪ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ቤቱን በኋላ ማርሽ ቦታው ማስገባት። ኦርቪል መሪው ላይ፣ ሜቪስ ከቤቱ ጀርባ፣ ሁለቱም ትንንሽ መነጋገሪያ ሬዲዮ ይዘው። "አለሽ?" ይላል። "አለሁ፣ ና" ትላለች። "አለሽ?" "አለሁ፣ ትንሽ ወደ ግራ።" ሕጉም አንድ ነበር፦ ድምፅ ከጠፋ፣ ፍሬን። መልሷን ካልሰማ ጎማው አይንቀሳቀስም፤ ዝም ያለች ሴት ከጎማው ሥር ልትሆን ትችላለቻ! ስንቱ ባልና ሚስት በዚህ ሥራ ሰፈር እስኪሰማ ሲሞላለጭ እነሱ ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ውሸት ነው፤ ተነጋግረዋል፣ ብዙ ጊዜም ተነጋግረዋል። ድምፅ ግን ጠፍቶ አያውቅም።

ታዲያ ለምን ሆስፒታል አትወስደውም? ኦሃዮ ያለችው ልጃቸውም ስልክ በደወለች ቁጥር የምትለው ይህንኑ ነው። "እማዬ፣ እባክሽ፣ ጥሩ መጦሪያ ቤት አግኝቻለሁ" ትላለች። ሜቪስ "እሺ፣ እናያለን" ብላ ትዘጋለች። የኦርቪል ወንድም ዌንደል የሞተው እንዲህ ያለ ጥሩ መጦሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ እንዳይወድቅ ተብሎ እጁን ከአልጋው ጋር አስረውት። ኦርቪል ያን አይቶ የተመለሰ ዕለት ሚስቱን ፊት ለፊቱ አስቀመጣትና "ከዚህ ቤት አታወጪኝም፣ በይ ማይልኝ" አላት። ማለችለት። መሐላ ደግሞ ሲምሉት ቀላል ነው።

ረቡዕ ጧት ኤልሮይ ቺያቤውንና ክሪኩን ይዞ መጣ። ጭንቅላቱን ከሣጥኑ ውስጥ ቀብሮ ሲያጉረመርም ቆየና ብቅ አለ።

"አልቆለታል። መለዋወጫውንም ከእንግዲህ አታገኙትም፤ የሠራው ፋብሪካ ራሱ ረስቶታል። ልክ እንደኔ።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አለች ሜቪስ።

"ከቦታ ቦታ የምትንቀሳቀሰዋን መግዛት ነዋ።"

ወገቧ ላይ የሰካችው ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። ኦርቪል አልጋው ላይ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። "የምትንቀሳቀሰዋን! ያቺን ስትጮህ የምትውል የገበያ ፊሽካ? ኤልሮይ፣ አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ መቶሃል።"

"የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ ኦርቪል። ነገሩ ተዘግቷል" አለች ሜቪስ።

እንዲህ ብላ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። ሬዲዮው "ቀዩን እንዳትገዙ፣ ቀዩ ይጮኻል" አለ። ከተማ ውስጥ ያለው ቀዩ ብቻ ነበር። ቀይዋን ገዟት።

ሽማግሌውን ማውጣት ሬሳ ከማውጣት አይተናነስም ነበር። ጣውላ አነጠፉለት፣ በክሪክ አነሡት፣ ኤልሮይ ከፊት ይስባል፣ ሜቪስ ከኋላ ትገፋለች፣ ኦርቪል በሬዲዮ ያዛል። "ወደ ቀኝ! ቀኝ አልኩ እኮ! ኤልሮይ፣ ቀኝህን ኦሪገን ረስተኸው መጣህ?" ሽማግሌው በመጨረሻ ዷ ብሎ አሸዋው ላይ ወደቀ። ሜቪስ ላቧን እየጠረገች አየችው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እንባዋ መጣ።

ቀይዋን አስነሥተው ቤቱ ላይ ሰኩ። ሆ! ቤቱ እምቢ አለ። መግቢያው ላይ ያለችው የመብራት ጠባቂ ሣጥን ቀይ ብልጭ ድርግም እያለች አንዲት ክር መብራት አላሳልፍም አለች። ነቅለው ሰኩ፤ እምቢ። ገመድ ቀየሩ፤ እምቢ። ትልቁ ሲሊንደር ደግሞ እያለቀ ነው፤ ሜቪስ በገባች ቁጥር ጠቋሚው ወርዶ ታየዋለች። ሦስተኛ ስትገባ በሩ ላይ ተቀመጠች። "አለቀልን" አለች ጮክ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን።

"ምን አለቀልን ትያለሽ" አለ ኦርቪል ዓይኑን ሳይገልጥ። "ሽማግሌው የቤቱ ልጅ ነበር፣ ያቺ እንግዳ ናት። ሣጥኗ ገመዷ ያልተሟላ መስሏት ነው የፈራችው። ኤልሮይን ባዶ ስፒና ፈልግ በይው።"

የትኛውን ሽቦ ከየትኛው እንደሚያገናኝ እየሳለ፣ እያረፈ፣ በሬዲዮ ነገረው። ኤልሮይ ያቺን ስፒና ቀይዋ ላይ ሲሰካ የሣጥኗ መብራት አረንጓዴ ሆነች፣ የኦክስጅኑ ማሽን አቃሰተና ተነሣ።

"ሳንባው ይለቅ እንጂ ጭንቅላቱ ምላጭ ነው" አለ ኤልሮይ ራሱን እየነቀነቀ።

ምላጭ ነዋ! ኦርቪል ኦሃዮ ውስጥ፣ ዴይተን ከተማ፣ ዕድሜውን ሙሉ የቤት ማሞቂያ እቶን ሲገጥምና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ጭስ ማውጫው በወፍ ጎጆ የተደፈነበት ቤት ተጠርቶ ሄደ። እዚያ ያየውን ለሜቪስ አልነገራትም፤ ያን ዕለት ራቱን ሳይበላ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ግን መርዛማ ጭስ ሲገባ የምትጮህ ማስጠንቀቂያ ካልተሰቀለች ከሰው ቤት አልወጣም እያለ ደንበኛ የሚያስቸግር ሆነ። ይህቺ ተጎታች ቤት ውስጥም መኝታቸው ግርጌ አንዷን ራሱ ሰቅሏት ነበር።

አሁን ደግሞ አዲስ ጣጣ መጣ፤ ሌባ። በዚያ በረሃ ሰው ሲሳሳ ሌባ ይበረታል፣ ሌባ የሚወደው ደግሞ ጄኔሬተር ነው። ሽማግሌውን ማን ይሰርቀዋል? የቤቱ አንጀት ነበር። ቀይዋን ግን ሁለት ጎረምሳ አፈፍ አድርጎ ይሄዳል። ባለፈው ወር ከጉብታው ወዲያ የነበሩትን ሰዎች ሰንሰለት በጥሰው ነው የወሰዱባቸው። ስለዚህ ቀይዋ ውጪ፣ በገመዷ ጫፍ ላይ ሆና ስታጓራ ሜቪስ አጠገቧ ወንበር ዘርግታ ትጠብቃለች። ማታ ማታ ማቀዝቀዣው ስለማያስፈልግ ጎትተው ከኤልሮይ ውሻ ጋር ያስሯታል፤ ከዚያ ሆና በቀጭን ረጅም ገመድ የኦክስጅኑን ማሽን ብቻ ታሠራለች።

ሐሙስ ዕለት ሙቀቱ የሚቀመስ አልነበረም። ሜቪስ ባርኔጣ አድርጋለች፣ ጃንጥላ ዘርግታለች፣ ምን ዋጋ አለው። እኩለ ቀን ላይ ከጣሳው ውኃ ለመጠጣት ብድግ አለች፣ ምድሩ ዞረባት፣ በግንባሯ ተደፋች። ስትነቃ ኤልሮይ ፊቷ ላይ ውኃ እያፈሰሰ ውሻው እጇን ይልሳል። ቀና ስትል የመኝታ ክፍሉ መስኮት መጋረጃ ተገልጦ አየች። ኦርቪል ከአልጋው ተነሥቶ መስታወቱን በሁለት መዳፉ ይዞ ቆሟል። መነሣት ከተወ ወራት አልፎታል።

"ምንም አይደለም! ደኅና ነኝ!" ብላ እጇን አውለበለበችለት። መጋረጃው ተዘጋ።

ያን ማታ ሾርባውን ሳይነካ መለሰው። "ራስሽን እየገደልሽ ነው" አለ አንዴ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። "አርፈህ ተኛ" አለችው።

ዓርብ ጧት ግን ኦርቪል ሌላ ሰው ሆኖ ነቃ። ጢሙን ላጪኝ አለ። እንቁላሉን በላ። ከዚያ ሁሉን አሰብኩበት አለ፤ ቀይዋን ሽማግሌው የነበረበት ሣጥን ውስጥ አስገቧት፣ ቆልፉባት፣ ሌባም አያያት፣ አንቺንም ፀሐይ አይመታሽም።

"ጭሱስ?"

"የሽማግሌው ጭስ ማውጫ ማርሚታ እዚያው አለ አይደል? ኤልሮይ ያገናኘዋል። እሱ የውጪ ሥራ ነው፣ ለምን ትገቢበታለሽ? ይልቅ ያቺ ማስጠንቀቂያ ባትሪዋ ደክሞ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህብኝ ነበር፤ አውጪያት።"

ሜቪስ ሌሊቱን ስትጮህ አልሰማችም። ድካም ነው ብላ አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻት። እሷ ሳህን ስታጥብ ኤልሮይ ቀይዋን አስገብቶ ቆለፈባት፤ ቀይዋ ከሩቅ የምታስነሣት ትንሽ ቁልፍ ነበረቻት፣ ያቺን ሜቪስ ኦርቪል እጁ ውስጥ አስቀመጠችለት።

"በይ አሁን ከኤልሮይ ጋር ከተማ ሂዱ" አለ። "ልብሱን እጠቢ፣ ቤንዚን ግዙ። ጸጉርሽንም ተሠሪ። ሲሊንደሩ ሲያልቅ ቁልፏን እጫናታለሁ። አትቸኩዪ።"

"ብቻህን?"

"ሕፃን ነኝ? ሂጂ አልኩሽ፣ ሜ።"

ሜ! ለመጨረሻ ጊዜ ሜ ያላት ሳይጋቡ፣ የአባቷ ግቢ አጥር ላይ ተደግፎ ነው። አፏን በእጇ ሸፍና እንደ ልጃገረድ ሳቀች። ሳመችው፣ ሬዲዮውን ደረቱ ላይ አስቀመጠችለትና ወጣች። መንገዱን ሙሉ ደስ ብሏት ነበር። እንዲያውም ዘፈነች፣ ኤልሮይ ምስክሯ ነው።

ልብስ ማጠቢያው ቤት ውስጥ ማሽኑ የኦርቪልን አንሶላ ያሽከረክራል። ኤልሮይ ጋዜጣ እያራገበ "ዛሬስ ፊትሽ በርቷል" አላት።

"ኦርቪል ተሽሎታል። እንቁላል በላ። ይሄኔ ሲሊንደሩ አልቆ ቀይዋን አስነሥቷታል።"

ኤልሮይ ጋዜጣውን ማራገቡን አቆመ። "የት ሆና?"

"የት ትሆን? ሣጥኗ ውስጥ ነዋ።"

"ሣጥን ውስጥ ሆና መነሣት የለባትም እኮ። ኦርቪል ለኔ በመስኮት የነገረኝ፣ እስክንመለስ ጠፍታ ትቆለፍ፣ ለሌባ ብቻ ነው፣ እኔ በሲሊንደር እቆያለሁ ነው ያለኝ።"

"ማርሚታውን አላገናኘኸውም?"

"የምን ማርሚታ? ያ የሽማግሌው ነው፣ ለቀይዋ በምን ይገጥማል? ጭሱን የት ታደርሰዋለች፣ ወለሉ እኮ ወንፊት ነው፣ በላዩ ደግሞ አልጋው..."

አልጨረሰውም። ሜቪስ ተነሥታ ቆማለች። አንሶላው ይሽከረከራል። ተሳስቶ ይሆናል አለች በልቧ፤ አርጅቷል፣ አየር አጥሮት ተምታቶበታል። ወዲያው ስፒናዋ ትዝ አለቻት። ዓይኑን ሳይገልጥ የትኛውን ሽቦ ከየትኛው። ያ ሰው፣ ማስጠንቀቂያ ካልተሰቀለ ከሰው ቤት የማይወጣው ሰው፣ የራሱን ቤት ማስጠንቀቂያ አውጪ ያላት ሰው ተሳስቶ አይደለም። ተላጭቶ፣ እንቁላሉን በልቶ፣ ሜ ብሎ ሸኛት። ሆዷ ጧት ነግሯት ነበር፤ እሷ ናት የውጪ ሥራ ነው ብላ ዝም ያሰኘችው።

"ወይኔ!" አለች። "ወይኔ፣ ኦርቪል!" አንሶላውንም ቅርጫቱንም ጥላ ሮጠች።

እሷ ነዳች። ኤልሮይ አጠገቧ በስልክ አምቡላንስ ይጠራል። "መንገዱማ ስም የለውም፣ እመቤት! ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ አለ፣ እዚያ ጋ ወደ ግራ... ቁጥርም የለውም! በረሃ ነው እያልኩሽ!" ሜቪስ ሬዲዮዋን አፏ ላይ ደቅናለች። ከሩቅ እንደማይሰማ ታውቃለች፣ ቢሆንም ትጣራለች። "አለህ? ኦርቪል፣ አለህ?" ነጩ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ መስማት ነበረበት። "አለህ?" ሬዲዮው ሽሽሽ ብቻ። ድምፅ ከጠፋ፣ ፍሬን፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ሕግ ነው። ቤንዚኑን ወለሉ ድረስ ረገጠችው።

ሲደርሱ ቀይዋ አታጓራም። ጸጥታው ከጩኸቱ የባሰ አስፈራት። በሩን ገነጠለችው ማለት ይቻላል። ሽታው አፍንጫዋን መታት፤ ትንፋሿን ይዛ ገባች፣ መስኮቱን ሁሉ በረጋገደች፣ ኦርቪል በጎኑ ተጋድሟል። ፊቱ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ጆሮዋን አፉ ላይ አስጠጋች። የሆነ ነገር ያፏጫል። ይተነፍሳል! ትንሹን ሲሊንደር ከፍታ ቱቦውን አፍንጫው ላይ ሰካችና በጥፊ አለችው።

"ኦርቪል! ኦርቪል፣ አንተ ከሀዲ!"

ያተረፈችው ቀይዋ ራሷ ናት። ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎባት አየር አጠራት፣ ጋለች፣ እንደተነሣች ብዙም ሳትቆይ ታንቃ ጠፋች። ኤልሮይ ሣጥኑን ከፍቶ ወደ ውጪ ሲጎትታት እጁን አቃጠለችው።

ኦርቪል ዓይኑን ገለጠ። ወደ ላይ አስመለሰው፣ አፉን ጠረገችለት። "ጸጉርሽን አልተሠራሽም" አለ።

ሜቪስ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እያለቀሰችም ትሰድበዋለች። "እኔን ትልካለህ? እያሳቅህ ትሸኘኛለህ? መጥቼ እንዳገኝህ? አንሶላህን አጥቤ ይዤ ስገባ?"

"ወደቅሽ እኮ። በመስኮት አየሁሽ።"

"ወደቅሁ፣ ተነሣሁ! ምን አገባህ!"

"እኔ እያለሁ አንቺ ታልቂያለሽ፣ ሜቪስ። ያቺን ፀሐይ ላይ ታቅፈሽ... ለኔ አየር..." ትንፋሽ አጠረው።

"እቶን እንጂ ጄኔሬተር የት ታውቃለህ አንተ? ይኸው፣ እሷም ታንቃ ጠፋችብህ። ከዚህ ቤት እንዳላወጣህ ነው ያስማልከኝ፤ አንተ ጥለኸኝ እንድትወጣ መቼ ፈቀድኩልህ?" ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። "አምቡላንስ ጠርተናል። መሐላዬን አፈረስኩ። ወደ ሆስፒታል ትሄዳለህ፣ ከዚያም የሚሆነው ይሆናል። እጅህን የሚያስር ቢመጣ መጀመሪያ የኔን ይሰር።"

ኦርቪል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የትንሹ ሲሊንደር ጠቋሚ ታች ሊደርስ ነው፤ ራሳቸው እንዳይወስዱት መንገዱን አያደርሰውም። አምቡላንሱ የሚመጣው ደግሞ ከሩቅ ነው፣ ያለ መሪ ድንጋዩን አያገኝም። ኤልሮይ ፒካፑን ይዞ አስፋልቱ ጋ ሊጠብቃቸው መሄድ አለበት። ከመሄዱ በፊት ቀይዋን ገመዷ እስከሚደርስበት፣ ነፋሱ ጭሷን ከቤቱ በሚያርቅበት በኩል ወሰዳትና የማስነሻ ገመዷን እየጎተተ ለማስነሣት ታገለ። ተነሣች፣ ጠፋች። ተነሣች፣ ጠፋች።

"ሙቀቱ ጎድቷታል" አለ። "ቤንዚን የምትሰጠዋን ምላስ፣ ይቺን፣ በአውራ ጣትሽ እንዲህ ገፍተሽ ካልያዝሻት አትቆይም። ከለቀቅሻት ትጠፋለች፣ ከጠፋች ደግሞ አንቺ አታስነሺያትም። ትችያለሽ?"

"ሂድ" አለችው። "ሂድልኝ በቃ!"

ፒካፑ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ሜቪስ ቀይዋ አጠገብ አሸዋው ላይ ተንበረከከች። የምላሷ ብረት ይፋጃል፣ አውራ ጣቷን ይልጣል። ቀይዋ ታጓራለች፣ ገመዱ አሸዋውን አቋርጦ ቤቱ ድረስ ይሄዳል፣ ቤቱ ውስጥ የኦክስጅኑ ማሽን ይሠራል፤ ይሥራ አይሥራ ግን ከዚህ ሆና አይሰማትም። ጣቷን ብትለቅ አየሩ ይቆማል። ጣቷን ካልለቀቀች ደግሞ እሱ ጋ መሆን አትችልም። ያ ቱቦ አፍንጫው ላይ ነው? ወይስ አውልቆ ጥሎታል? ከአልጋው ላይ እጁን ማንሣት ብቻ እኮ ነው የሚበቃው። እግዚአብሔር ለጠላት አይስጥ! ከመኪናው ኋላ ቆማ፣ ግዙፉ ቤት ወደሷ ሲመጣ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ድምፅ ላይ ነፍሷን ጥላ ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አልፈራችም።

በግራ እጇ ሬዲዮውን አነሣች።

"ኦርቪል። ስማኝ። እዚህ ሆኜ አላይህም። ሕጉን ታውቀዋለህ። ዝም ካልከኝ ይህቺን ለቅቄ እገባለሁ፤ ያን ጊዜ እሷም ትጠፋለች፣ አየሩም ያልቃል፣ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አይሃለሁ። ትሰማለህ? እኔ ነኝ ዛሬ የምነዳው። አለህ?"

ሽሽሽ።

"አለህ?"

ነፋሱ መጋረጃውን በመስኮቱ አውጥቶ መለሰው። ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። አውራ ጣቷ ተላልጦ ደሙ ብረቱ ላይ ደረቀ። አስፋልቱ በኩል ምንም አይታይም፣ አቧራም የለም። ቆጠረች፣ ቁጥሩ ጠፋባት፣ እንደገና ጀመረች። ጣቷ መላላት ጀመረ፤ ቀይዋ ድምጿ ወረደ፣ ተንተባተበች።

"ኦርቪል" አለች፣ አሁን አትጮህም። "እባክህ። አለህ?"

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር፣ ረጅም፣ የሚያፏጭ። ከዚያ አንድ የተጎተተ፣ የተቆጣ፣ የለመደችው ድምፅ።

"አለሁ" አለ። "ፍሬን አትያዢ።"